መልስ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ኪጋሊ በየብስ

እህቴ፣ ቦርሳዬን አዝዬ ብቻዬን በየብስ ኪጋሊ መድረስ እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሂጂ! ለኬንያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግም፤ ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች። በመንገድሽ የምታልፊባትን የኡጋንዳን ቪዛ ግን ከመነሳትሽ በፊት በኢንተርኔት ጨርሺ፤ 50 ዶላር ነው።

አደራ የምልሽ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ነው። መርፌውን ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከፓስፖርትሽ ጋር በእጅ ያዢው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሪው።

ሞያሌ ላይ የመውጫውም የመግቢያውም ማኅተም መመታቱን ገጹን ገልጠሽ እዪ፤ አውቶቡሱ ቸኩሏል ብለሽ እንዳታልፊው። ከዚያ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ የሌሊቱን አውቶቡስ ትተሽ በመንገዱ ላይ ባለችው የኬንያ ከተማ ማርሳቢት እደሪ፤ ከዚያ ሁሉ በረሃ በኋላ የተራራው ደን ዓይን ያሳርፋል።