ሥራ ለመልቀቅ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ርክክብ ግን አለ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በግል ድርጅት 6 ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ሠርተሻል። አሁን ሌላ ቦታ ተቀጥረሻል፤ አዲሶቹ በ10 ቀን ውስጥ ግቢ ብለውሻል። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅሽ ደግሞ «ሰው እስካገኝ አትሄጂም፤ ከሄድሽ የሥራ ልምድ የሚባል ነገር የለም» ብሎሻል። ምን ላድርግ ነው ያልሽው።

እኔ ሦስት ጊዜ ሥራ ለቅቄያለሁ። የመጀመሪያውን በጣም አበላሽቼዋለሁ። አሁን የምሠራው ሰው ኃይል ክፍል ስለሆነ የሌሎችን መልቀቂያ የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምም ታገሺኝ።

መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ማንም አስሮ ሊያስቀምጥሽ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። «አለቃው ከተስማማ» የሚል ነገር የለበትም። ሰው ማግኘት የእሱ የቤት ሥራ ነው። የሥራ ልምድም ችሮታ አይደለም። ውሉ ሲቋረጥ ምን ትሠሪ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገልሽና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። (ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛንና በሥራ መሪነት የተቀጠረን ሰው አይመለከትም። ገንዘብ ያዥ ግን ያለ ጥርጥር ትገቢበታለሽ።)

እኔን ያሳሰበኝ 10 ቀኑ ነው። 30 ቀን ሳትሰጪ ብትወጪ ካሳ ትጠየቂያለሽ። ጣሪያው የ30 ቀን ደመወዝሽ ነው፤ የሚቆረጠውም ገና ካልተከፈለሽ ሂሳብ ላይ ነው። «ይቆረጥ፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ አስልቶ የሚወጣ ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ግን እንዲህ እንዲወጣ አልመክርም። ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ሥራዬ መርካቶ አካባቢ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋ ነበር። 24 ዓመቴ ነው። እኔም እንዳንቺ ገንዘብ ያዥ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ደንበኛ ፊት ጮኹብኝ። የካዝናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ስልኬን አጠፋሁ። እሁድ ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

ሰኞ እኔ በሌለሁበት ካዝናውን ከፍተው ቆጠሩ። 4,300 ብር ጎደለ ተባለ። ዋሴ አጎቴ ነበሩ፤ እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። ድርጅቱ እኔን አልፈለገም። ደብዳቤውን በቀጥታ ለጋሼ መሥሪያ ቤት ጻፈ። ለዓመታት ተከብረው በሠሩበት ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ገቢ ተመትቶበት ነው እጃቸው የገባው።

ማታ ቤት መጡ። አልተቆጡም። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ «ልጄ፣ ቁልፉን ለማን ነው የሰጠሽው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ለጠረጴዛ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ማጣራቱ ሦስት ቀን ፈጀ። ብሩ የትም አልሄደም። ዓርብ ከሰዓት ባንክ ያስገባሁት ነበር። የባንኩ ስሊፕ መሳቢያ ውስጥ ከሌላ ወረቀት ጋር ተጣብቆ ቀርቶ መዝገብ ላይ አልወረደም። እኔ ብኖር የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ባለቤቱ ይቅርታ አላሉም። እኔም የሥራ ልምድ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሠራሁበት ወረቀት ዛሬም የለኝም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለአዲሶቹ ደውዪላቸውና «ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ አስረክቤ መውጣት አለብኝ፤ 30 ቀን ስጡኝ» በያቸው። እኔ ሁለተኛውን ሥራዬን ስለቅ አዲሶቹን እንደዚህ ብዬ ጠይቄ ሳያንገራግሩ ጠበቁኝ። እንዲያውም ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰውዬ «እኛንም ስትለቂ እንዲህ ታደርጊያለሽ ማለት ነው» ብለው ሳቁ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። አዲሱን ቅጥር በወረቀት ካልያዝሽ፣ ደመወዙና የመግቢያ ቀኑ ተጽፎ ካልተፈረመ፣ መልቀቂያ አታስገቢ። በስልክ «ጨርሰናል» ተብሎ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። እዚህ አገር የሚዞረው የመልቀቂያ ናሙና ሁሉ «ሥራ እንድለቅ ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውጪያት። «ይፈቀድልኝ» ካልሽ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ ጠርተሻል። የምትጽፊው ለማሳወቅ ነው። እኔ የጻፍኩት ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር፤ ቀኑን በራስሽ ቀይሪው፦

«ጉዳዩ፡- ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ። በድርጅቱ ውስጥ በገንዘብ ያዥነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። ሌላ ሥራ ስላገኘሁ በራሴ ፈቃድ ሥራ ለመልቀቅ ወስኛለሁ። ስለዚህ ከጥቅምት 5 ቀን ጀምሮ የሚታሰብ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። ውሌ ኅዳር 5 ቀን ይቋረጣል። እስከዚያ የሚረከበኝ ሰው እንዲመደብ፣ ሂሳቤ እንዲሠራ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ፣ ለዋሴም ከዋስትና ነፃ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።»

አለቀ። ምክንያቱ አንድ መስመር ይበቃል። የ6 ዓመት ብሶት እዚያ ላይ አይወርድም። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፤ አለቃን ማስፈራራት ይመስላቸዋል። የአዋጁ ቃል እሱ ስለሆነ አትፍሪው። ቀን አቆጣጠሩም ቀላል ነው፤ የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ከ5 እስከ 5 ነው። ጳጉሜን መሃል ከገባች ግን እሷም ትቆጠራለች።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጊ። ለሥራ አስኪያጁ እጅ በእጅ ከመስጠትሽ በፊት መዝገብ ቤት ሂጂ። አንዱን ያስቀሩ፤ ባንቺ ቅጂ ላይ «ገቢ» ብለው ቁጥርና ቀን ይጻፉበት። የእኔ አለቃ ደብዳቤውን ገና ሳያነበው «ይህን አልቀበልም» ብሎ በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋው። «ግድ የለም፣ መዝገብ ቤት ገብቷል» አልኩት። ፊቱን ብታዪው! ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። መዝገብ ቤት የሌለው ድርጅት ከሆነ ለጸሐፊዋ ሰጥተሽ አስፈርሚ። እሷም እንቢ ካለች በፖስታ ቤት በአደራ ላኪና ደረሰኙን ያዢ።

(ሰድቦኝ፣ ክብሬን ነክቶ፣ ወይም ፆታዊ ትንኮሳ አድርሶብኝ ነው የምለቀው የምትል ሌላ እህት ይህን ካነበበች፣ የእሷ መንገድ የተለየ ነው። 30 ቀን መጠበቅ የለባትም። ምክንያቷን በጽሑፍ አስታውቃ መውጣት ትችላለች። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካላደረገችው ግን ያ መብት ያልፋታል።)

ሥራ አስኪያጁ ተናዶ «ነገ ውጪልኝ» ቢልሽ ደስ ብሎሽ ቦርሳሽን እንዳታነሺ። «በጽሑፍ ይስጡኝ» በዪ። አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ «ጥላ ጠፋች» ተብሎ ይጻፍብሻል።

ርክክቡ ላይ ምንም አትቸኩዪ። በካዝና ያለው ጥሬ ብር በሦስት ሰው ፊት ይቆጠር፦ አንቺ፣ ተረካቢው፣ ከሂሳብ ክፍል አንድ ሰው። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሦስታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ ያንቺ ነው። የደረሰኝ ጥራዞች ከስንት ቁጥር እስከ ስንት እንደሆኑ ይጻፍ። ያልተጻፈባቸው ቼኮች ይቆጠሩ። ያልተወራረደ የጉዞ አበልና ቅድሚያ ክፍያ የማን እንደሆነ በስም ይዘርዘር፤ እኔን ሁለተኛው ላይ ሊያስቸግረኝ የነበረው እሱ ነው። አንድ ሾፌር 1,500 ብር ወስዶ ደረሰኝ ሳያመጣ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር። ቼክ ላይ ፈራሚ ከሆንሽ ፊርማሽ እንዲነሳ ድርጅቱ ለባንኩ ይጻፍ፤ የደብዳቤውን ቅጂ ጠይቂ። ከዚያ ክሊራንሱን፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለብሽ የሚፈረምበትን ቅጽ፣ ይዘሽ በየክፍሉ ትዞሪያለሽ። ንብረት ክፍል ለካልኩሌተር ያስጨንቁሻል፤ ልማዳቸው ነው። በነገራችን ላይ ክፍያ የሚዘገየው በራስሽ ርክክብ መጓተት ከሆነ አሠሪውን መውቀስ አትችዪም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ አንቺ ጨርሶ ያላነሳሽው ነገር እዚህ ጋ አለ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው። ድርጅቱ አሠልጥኖሽ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» የሚል ያልጨረስሽው ውል ካለ ግን ይቀራል፤ ስለዚህ የፈረምሽውን ወረቀት ሁሉ ዛሬ ማታ አውጥተሽ እዪ። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ደመወዝሽ 9,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሩት 5 ዓመታት 3,000 እየሆነ 15,000፣ ድምሩ 24,000 ብር፤ ግብር ሳይቆረጥ። ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ «ብቻ ልውጣላቸው» ብሎ እንደወጣ ብነግርሽ ትገረሚያለሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። ዕረፍቱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ የቀረሽን ቆጥረሽ ያዢ።

ይህ ሁሉ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካጓተቱሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ካልሆነ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። አሠሪው ክፍያውን በማዘግየቱ ብቻ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝሽ ሊያስከፍለው ይችላል፤ አንቺም የዳኝነት አትከፍዪም። ግን 6 ወር ካለፈ ጥያቄሽ በይርጋ ይቀራል። «እከፍልሻለሁ፣ ታገሺኝ» እያለ መስቀልን አሳልፎ ገናን ካሳለፈሽ ቀኑን ቁጠሪ።

የመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ካለሽ ቁጠባሽ ከብድርሽ ጋር ይጣፋል፤ አስቀድመሽ ጠይቂ። ዕቁቡን ግን ይህ አዋጅ አይመለከተውም። እኔ ዕጣዬን በሦስተኛው ዙር በልቼ ስለነበር ከለቀቅሁ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ በየደመወዙ ቀን ለዕቁቡ ጸሐፊ በሞባይል ባንኪንግ ብር እልክ ነበር። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ጽፈሽ ያዢ፤ አንቺ በየወሩ 7፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ያስገባችሁት በእሱ ስለሚታወቅ አዲሶቹ ሌላ ቁጥር እንዳያወጡልሽ።

የሥራ ልምዱን ሲሰጡሽ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ስምሽ ከመታወቂያሽ ጋር በፊደል ይግጠም። የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን ይኑርበት። «ከደመወዟ የሥራ ግብር ሲከፈል መቆየቱን እናረጋግጣለን» የምትል መስመር አስገቢ። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ያለ እሷ የማይዝ ቀጣሪ ብዙ ነው። እኔ ራሴ በየሳምንቱ በዚህ ምክንያት ወረቀት እመልሳለሁ።

የዋስሽ ደብዳቤ መጨረሻ ይመጣል፤ ሳትቀበዪው እንዳትወጪ። እኔ ሁለተኛውን ሥራ ስለቅ ዋሴ አሁንም ጋሼ ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንደገና የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። ከዋስትና ነፃ ናቸው የሚለውን ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ማኅተሙን አዩ። አጥፈው ኮት ኪሳቸው ከተቱና «አዲሶቹስ ዋስ ይፈልጋሉ?» አሉኝ።

ይፈልጉ ነበር።