ንጉሥ ያልነበረው፣ ነገሥታት የታሰሩበት አገር

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ሲሸልስ የሚባል አገር ቄስ ፕሬዝዳንት ነበረው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ውቅያኖስ መሃል ያለ እንዲህ ያለ ትንሽ ቦታስ እንዴት አገር ሆነ? የጥንት ነገሥታቱ እነማን ነበሩ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የቄሱ ነገር እውነት ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ካርታሽን ዘርጊ። ከማዳጋስካር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ብትይ የተበተኑ ነጠብጣቦች ታገኛለሽ። ደሴቶቹ 115 ናቸው። መሬታቸው ሁሉ ቢደመር 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ላይ ስድስት ጊዜ ቢዘረጋም ቦታ ይተርፋል። ሕዝቡም ከ100 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የባሕር ክልሉ ግን ከኢትዮጵያ ቆዳ ስፋት ይበልጣል። ኑሯቸው ቱና ዓሣና ቱሪስት ነው።

ትልቁ ደሴት ማሄ ይባላል፤ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያ ናት። ማሄ ግራናይት ነው፤ ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ድሮ ከሕንድ ጋር አንድ ነበር፤ ሕንድ ወደ ሰሜን ስትሄድ ተቆርጦ ቀረ። ስሜንን የሠራው እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም 905 ሜትር የሆነው የማሄ ተራራ በዕድሜ እጅግ ይበልጠዋል። ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን የነገርኳቸው ልጆች ሁሉ ይከራከሩኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሥታቱ። (ወሮቹም ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲሸልስ የራሱ ንጉሥ አልነበረውም። ነባር ሕዝብም አልነበረውም። ፈረንሳዮች በ1770 ሲሰፍሩ ያገኙት ዛፍ፣ ወፍና ትልልቅ ኤሊ ነው። ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር ባሪያ እያመጡ እርሻ አቀኑ። በ1814 ደሴቶቹ በውል ለእንግሊዝ ተሰጡ። ባርነት በ1835 ቀረ። ከ1861 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ያስለቀቃቸውን አፍሪካውያን እዚያ አወረደ። የዛሬው ሕዝብ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ክሪኦል (ከፈረንሳይኛ የወጣው የደሴቶቹ ቋንቋ)፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሦስቱም የመንግሥት ቋንቋ የሆኑት ለዚህ ነው።

ነገሥታቱ የመጡት በእስር ነው። ስለ ወህኒ አምባ ሳትሰሚ አትቀሪም። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ ዙፋን ይሻማሉ የተባሉ የንጉሥ ልጆች በለሳ ውስጥ በዚያ ገደላም አምባ ላይ ይቀመጡ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ የተቃወሟቸውን የአፍሪካ ነገሥታት ወደ ሲሸልስ እያጋዙ ገደሉን በባሕር ተኩት። በዛሬዋ ጋና የነበረው የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ ፕሬምፔ በ1900 ማሄ ደርሰው እስከ 1924 ቆዩ። እዚያ ተጠመቁ፤ የአባቶቻቸውን የነገሥታት ታሪክም በጽሑፍ አስቀሩ። በ1900 አሻንቲን ለጦርነት ያስነሱት ንግሥት እናት፣ ያኣ አሳንቴዋም ወደዚያው ተጋዙ፤ በ1921 እዚያው አረፉ። በዛሬዋ ኡጋንዳ የነበረው የቡጋንዳ መንግሥት ንጉሥ ምዋንጋም በ1903 እዚያው ሞቱ። እዚያው ኡጋንዳ ያለው የቡንዮሮ ንጉሥ ካባሌጋ በ1923 ተፈቅዶላቸው ሲመለሱ ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ በምትባል ከተማ አረፉ፤ ቡንዮሮን ሳያዩ።

እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ትዝ ይለኛል። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞተ። ፕሬምፔ ቢያንስ ተመልሰው የአሻንቲን ዋና ከተማ ኩማሲን አይተዋል። ስለ ሲሸልስ ብዙ ሰው የሚያወራው የባሕር ዳርቻውን ነው፤ እኔ ግን አንቺ እነዚህን ሰዎች እንድታውቂያቸው እፈልጋለሁ። የአፍሪካ ታሪክ ናቸውና።

ነፃነት የመጣው ሰኔ 29 ቀን 1976 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1977፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንስ-አልበር ሬኔ ፕሬዝዳንት ጄምስ ማንቻምን በመፈንቅለ መንግሥት አወረዱ። ከዚያ የአንድ ፓርቲ ዘመን ሆነ። በ1981 ቅጥር ወታደሮች የሬኔን መንግሥት ሊገለብጡ ሽርሽር የመጡ ጓደኛሞች መስለው ገቡ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዱ ሻንጣ ውስጥ መሣሪያ ተገኘና ተኩስ ተከፈተ፤ የሕንድ አየር መንገድ (ኤር ኢንዲያ) አውሮፕላን ጠልፈው ሸሹ። የብዙ ፓርቲ ሥርዓት የተመለሰው በ1993 ሕገ መንግሥት ነው።

ፕሬዝዳንቱ አገሩንም መንግሥቱንም ይመራል። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም። ከምክር ቤቱ 26 መቀመጫ በቀጥታ ይመረጣል፤ ቀሪው ጥቂት ወንበር ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ይደለደላል።

ቄሱ ዋቬል ራምካላዋን ይባላሉ፤ የአንግሊካን ካህን ናቸው። ከ1998 ጀምሮ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ኖሩ። በ2015 የተሸነፉት በ193 ድምፅ ነው። ልብ በይ፣ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ክፍል ተማሪ ቁጥር ነው! ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ አልተሳካም፤ ቀጣዩን ምርጫ ጠበቁ። በስድስተኛው ሙከራቸው፣ በ2020፣ አሸነፉ። ተቃዋሚ በምርጫ ሥልጣን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው። በጥቅምት 2025 ደግሞ በሁለተኛ ዙር በፓትሪክ ሄርሚኒ ተሸነፉ፤ ለአሸናፊውም ወንበሩን ለቀቁ።