ሽማግሌ በዙም ሲመጣ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው ደሴ ነው። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 67። ሴት ልጄ ያለችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው አሜሪካ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ዱባይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በዙም እንገናኝ ተባለ። ልጄ ሊንኩን በቴሌግራም ላከችልኝና «አባዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ 2:00 ሰዓት፣ ተጭነህ መግባት ብቻ ነው» አለችኝ። ቴሌግራም እጠቀማለሁ፣ ዙም ግን ነክቼ አላውቅም። ይከፈልበታል ወይ? ለምን በዋትስአፕ አልሆነም? ደግሞ አባት ሽማግሌ ሲመጣበት ተነስቶ ነው የሚቀበለው። ይሄ በስልክ እንዴት ይሆናል? በልጄ ጉዳይ ማፈር አልፈልግም።

የልጅ አባት፣ ከደሴ

መልስ፦

ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የመጨረሻው ጥያቄዎ ልቤን ነካው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ያጣሩ። ልጅዎ 2:00 ያለችው በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነ እሰየው። የእነሱ ከቀኑ 2 ሰዓት ከሆነ ግን በበጋቸው ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካኖች በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ በማርች ሁለተኛ እሁድ ወደ ፊት ያመጡታል። የእኛ አይነቃነቅም። «በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ ስንት?» ብለው ይጠይቋትና በጽሑፍ ትላክልዎ።

ዋትስአፕ ያልሆነው በልጅዎ ምክንያት ይመስለኛል፣ በዱባዩ። ኤሚሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ይታገዳል። መልእክቱ ይሄዳል፣ ጥሪው ግን አይሠራም። ዙም እዚያም ይሠራል።

እርስዎ ምንም አይከፍሉም። በሰው ሊንክ ለሚገባ ሰው ነፃ ነው፣ አካውንት መክፈትም ላያስፈልግዎ ይችላል። ጥያቄው የስብሰባው ባለቤት ላይ ነው። በነፃው ዙም አንድ ስብሰባ ከ40 ደቂቃ በላይ አይሄድም፣ ሲሞላ ይዘጋል። ሽምግልና ደግሞ በ40 ደቂቃ አያልቅም። የከፈተችው ልጅዎ ከሆነች «የከፈልሽበት ነው ወይስ ነፃው?» ይበሏት። ነፃው ከሆነ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይወቁት። በንግግር መሀል ሲቋረጥ አባትየው ዘጋብን ብለው እንዳይቀየሙ።

አሁን ወደ ስልክዎ እንምጣ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ዙም ብለው ሲፈልጉ «ዙም ወርክፕሌስ» የሚል ሰማያዊ ምልክት ያገኛሉ። ያውርዱት። ይህን ዛሬውኑ ያድርጉት፣ ለቅዳሜ አያቆዩት። ከዚያ የቴሌግራሙን ሊንክ ሲነኩት ዙም ራሱ ይከፈታል።

መጀመሪያ ስም ይጠይቅዎታል። እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምዎት። ከሁለት ዓመት በፊት ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ልጇን ክርስትና አስነሳች። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ነጠላዋን ለብሳ፣ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ገና ሳይጀመር ነበር የገባችው። ስልኩ «ይጠብቁ» አላት። ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። እህቴ ስልክ ላይ የሚታየው የእናቴ ስም ሳይሆን የስልኩ ሞዴል ነበር፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። የማታውቀው ሰው መስሏት አላስገባችውም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ «እማዬ የት አለች?» ብዬ ስደውል ነው የታወቀው። እናቴ ስትገባ ህፃኑ ተጠምቆ፣ ማተቡ ታስሮለት ነበር። «ምንም አይደል ልጆቼ» አለች። ድምፅዋ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ስም የሚለው ቦታ ላይ ያለውን አጥፍተው ሙሉ ስምዎን ይጻፉ። «ይጠብቁ» የሚል ነገር ከመጣም አይደንግጡ፤ በር ላይ ቆመው ማለት ነው። ስብሰባውን የከፈተችው አይታ ታስገባዎታለች። አምስት ደቂቃ ካለፈ ይደውሉላት።

ስልኩ ማይክና ካሜራ ልጠቀም ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ «አላው» ወይም «ኋይል ዩዚንግ ዚ አፕ» የሚለውን ይንኩ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ከታች «ዋይፋይ ኦር ሴሉላር ዳታ» የሚል ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎት ያልፋል። ካልነኩት ሰው ይታይዎታል እንጂ አይሰሙም፣ አይሰሙዎትምም። ቀጥሎ የማይክ ምልክቷን ይዩ። ቀይ ሰረዝ ካለባት ድምፅዎ ተዘግቷል፣ አንዴ ሲነኳት ይከፈታል። ሽማግሌ ሲናገር ዘግተው ያዳምጡ፣ ሊመልሱ ሲሉ ይክፈቱ። እንዳይረሱት እንጂ ከባድ ነገር የለውም።

ወንድምዎ ወይም የሰፈር ሰው አብሮዎት የሚቀመጥ ከሆነ አንድ ስልክ ብቻ ይክፈቱ። በአንድ ክፍል ሁለት ስልክ ሲገባ ድምፁ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይጮሃል። እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ ምስል ቢጠፋ ችግር የለውም፣ ድምፅ እንዳይጠፋ ነው። ኔትወርኩ ከደከመ የራስዎን ቪዲዮ ይዝጉት፣ ድምፁ ወዲያው ይሻሻላል። ዳታም ይቆጥባል። የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ለቅዳሜ ሦስት ጊጋ ይግዙ፣ አይሰስቱ። ስልኩ ቻርጅ ይደረግ። መብራት ቢሄድ ዋይፋዩም ይሄዳልና ያኔ ዳታው ያድንዎታል። ከተቋረጠ ደግሞ ያንኑ ሊንክ መልሰው ይንኩት።

ሐሙስ ማታ ከልጅዎ ጋር አንዴ ይሞክሩት። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር። የማታ ኔትወርክ እንደ ቀን አይደለምና ሰዓቱ ተመሳሳይ ይሁን። መብራቱ ከፊትዎ ይሁን፤ ከኋላዎ ከሆነ ፊትዎ ይጠቁራል። እግረ መንገድዎን ሌላ ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚታይ ልጅዎ ታሳይዎት።

መነሳቱን በተመለከተ፣ ይነሱ ጋሼ። ስልክ ነው ብለው አይተዉት። ችግሩ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ቁጭ ካሉ በኋላ ሲነሱ ለእነሱ የሚታያቸው ቀበቶዎ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስልኩን በአግድም አድርገው ደረትዎ በሚደርስ ቦታ፣ ቡፌ ካለዎት ቡፌው ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። ቆመውም ተቀምጠውም የሚታዩበትን ቦታ ሐሙስ ዕለት ይለኩና ወንበሩን እዚያው ይተዉት። ርቀው ስለሚቀመጡ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ማይኩን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ልጅ ስልኩ አጠገብ ይቀመጥልዎ።

ሽማግሌዎቹም ቆመው ነው የሚለምኑት። ልጅዎ ይህን ምክር ለእነሱም ትንገራቸው። አንድ ጊዜ ባየሁት ሽምግልና የሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ከስክሪኑ ውጪ ሆኖ፣ የሚታየው የጋቢያቸው ጥለት ብቻ ነበር። አባትየው «እባካችሁ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን ልየው» አሉ። እነሱ ደግሞ እሺ ሳይባሉ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ካሜራውን ከፍ የሚያደርግ ሰው እስኪመጣ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ።