ወንድሜ ከባለቤቱ ጋር ድሬ ሊመጣ ነው

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ አካባቢ የጻፈችልኝ እህት ደብዳቤዋ ረዘም ይላል። አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ።

«ወንድሜ ካናዳ ከገባ 16 ዓመት ሆኖታል። ዜግነቱንም ወስዷል። ከ4 ዓመት በፊት እዚያ በሕግ ተጋብቷል፤ ያገባው ወንድ ነው፣ ፈረንጅ። ከቤተሰቡ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እናታችን ስላመማት ለ3 ሳምንት አብረው ሊመጡ ነው። ሐረርንም ማየት ይፈልጋሉ። ጋብቻቸው እዚህ ይቆጠራል ወይ? ሆቴል አንድ ክፍል መያዝ ይችላሉ? የውጭ ዜጋ ስለሆኑ ፖሊስ ይነካቸዋል? እኔስ እያወቅሁ ዝም በማለቴ እጠየቃለሁ? በተረፈ ደግሞ፣ በሰዎች መካከል ለተፈጠረ ነገር ማብረጃ የሚከፈል ገንዘብ በብድር ውል መልክ ቢጻፍ ሕጋዊ ነው ወይ?»

እህቴ፣ የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አንቺ ብዬሽ ልቀጥል። ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚባባል ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።

አራቱን ጥያቄዎችሽን ቶሎ ቶሎ እመልሳለሁ። «በተረፈ» ብለሽ መጨረሻ ላይ የወሸቅሻት አምስተኛዋ ግን እንቅልፍ ነስታኛለች። እሷ ላይ እንቆያለን።

ጋብቻው አይቆጠርም። ካናዳ በ1997 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሯ ሕጋዊ አድርጋለች። እኛ ዘንድ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻን የሚያነሳው ወንዶችና ሴቶች ብሎ ነው። ድሬ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻን የሚቀበለው የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቢኖረውም፣ «ለባለቤቴም ይሰጠው» ብሎ የጋብቻ ወረቀቱን ይዞ ኢሚግሬሽን እንዳይሄድ። ባለቤቱ ለብቻው የቱሪስት ቪዛ ያውጣ፤ ወንድምሽም መታወቂያው ከሌለው እንዲሁ። መንግሥት ቅጽ ላይ ውሸት አይጻፍም፤ ቅጹ ያልጠየቀውንም ማንም አይጨምርም።

ፖሊስ ይነካቸዋል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይነካቸዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ማስገደድ፣ ማታለል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ካለበት አንቀጽ 630 ቅጣቱን በጣም ያከብደዋል። ሕጉ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ወንጀል የፈጸመን ሁሉ ይይዛል፤ ፓስፖርት ጋሻ አይሆንም። ኤምባሲ መጥቶ ሊጠይቅ ይችላል፣ የጠበቆች ስም ዝርዝር ይሰጣል፣ ከእስር ግን አያስወጣም። ወንድምሽ ደግሞ የካናዳ ዜግነት ሲወስድ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ቀርቷል፤ «የአገሬ ልጅ ነኝ» ማለቱ ሕግ ፊት የሚጨምርለት ነገር የለም።

አንድ ልዩነት ግን ያዢ። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ሰውየው እንዲህ ዓይነት ሰው ነው መባሉ፣ ወይም ሁለት ካናዳውያን ካናዳ ውስጥ መጋባታቸው፣ እዚህ የተፈጸመ ወንጀል አይደለም። ይህን ስልሽ ግን ልብሽ አይረጋጋ። ፍርድ ቤት የሚፈልገው ማስረጃና ሰፈር የሚፈልገው ማስረጃ አንድ አይደሉም።

ዝም በማለትሽ አትጠየቂም። ወንጀልን ባለማሳወቅ የሚያስቀጣው ድንጋጌ የሚመለከተው የሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስከትሉ ወንጀሎችን ነው። ይህ ከዚያ ውስጥ አይገባም።

ሆቴሉን በተመለከተ፣ አንድ አልጋ ላለው ክፍል ሁለት ወንድ ሲቀርብ እንግዳ ተቀባዩ ትልቁን መዝገብ ገልጦ፣ ፓስፖርቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ፊታቸውን ማየት ይጀምራል። ብዙ ቦታ «ለሁለት ወንድ አንድ አልጋ አናከራይም» ይሏቸዋል። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ እንዲህ ያለ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ ከኅብረተሰቡ በሚመጣ ጥቆማ እርምጃ እየወሰድኩ ነው ብሎ ነበር። ያ አዲስ አበባ ነው፣ ግን የሆቴል ባለቤት የትም ይሁን የት ዜና ይሰማል። ሁለት ክፍል ይያዙ። ቢያንስ ሁለት አልጋ ያለው።

ስለ መንገዱ ላይ ኑሮ ብዙ አላስጨንቅሽም፤ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዚራ ጥላ ሥር ሁለት ወንድ ጓደኛሞች በትንሿ ጣት ተያይዘው ቢሄዱ ማን ዞር ብሎ ያያል? ትከሻ ለትከሻ መሳሳም የኛው ሰላምታ ነው። ፈረንጁ ይህን አይቶ «እዚህማ ነፃነት አለ» ብሎ እንዳይሳሳት ንገሪው። ወገብ መያዝና ከንፈር መሳም ሌላ ቋንቋ ነው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል። ጀጎል ውስጥ ጠባቡ መንገድ ላይ ገና ሲታይ «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» የሚሉ ሕፃናት ይከተሉታል፤ ሐረር ለፈረንጅ መደበቂያ የላትም። ከካናዳ ሳይነሱ ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶ ያጽዱ። የመተዋወቂያ አፕሊኬሽን የሚባለውን ደግሞ እዚህ ጭራሽ እንዳይከፍቱ፤ ወጥመድ የሚዘረጋበት ቦታ ነው።

ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ እንዲህ ነው። የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ ይነገረዋል፣ ያለመናገር መብት አለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እነዚህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አሉ። አንቀጽ 26 ቤቱንም የግል መልእክቱንም ይጠብቃል፤ «ስልክህን ክፈት» ሲባል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል፣ በጨዋ አንደበት፣ ያለ ጠብ። ጠበቃ እስኪመጣ ምንም አይፈርሙ። የጠበቃውን ስልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፣ ስልኩ መጀመሪያ የሚወሰደው ዕቃ ነውና። ድሬ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አሉ፣ ሐረር የክልሉ ናቸው፤ የምትይዙት ጠበቃ ፈቃዱ ሁለቱም ጋ የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ «በተረፈ»።

እህቴ፣ 20 ዓመት በጥብቅና ሙያ ላይ ነኝ። ምንም ያልገጠመው ሰው ስለ ብድር ውል አይጠይቅም። «ማብረጃ» ብለሽ የጻፍሽው ቃል ራሱ ይበቃኛል። አንድ ሰው የሠርጉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወይም አንቺው ስልክ ላይ አይቷል። ምናልባት ዘመድ ነው፣ ምናልባት የሰፈር ደላላ። «እኔ እንኳ ምንም አልል፣ ሌሎቹን ግን ዝም ለማሰኘት ትንሽ ያስፈልጋል» ብሎሻል። ገንዘቡ በአንዴ እንደማይሞላልሽ ሲያይ ደግሞ «ለመተማመኛ ብድር ነው ብለን እንጻፈው» አለሽ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ፣ ደስታዬ ነው። ካልተሳሳትኩ ግን ይህን ለእኔ መደበቅ አልነበረብሽም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ራሴን ያመኛል ብሎ የተሰበረ እግሩን ከጠረጴዛ ሥር እንደሚደብቅ ሰው ነው የሆንሽው።

ይህ ወጥመድ በተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ ብቻ የሚመጣ አይምሰልሽ። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ያለው ይወድቅበታል፣ ሕመሙን የደበቀ ይወድቅበታል። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ቆንጆ ጽሕፈት ነው። «ለቤት ማደሻ የተበደርኩት» ይላል። ሦስት ምስክር፣ ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም የነካ አውራ ጣት። የታደሰ ቤት የለም። የተሰጠ ገንዘብም የለም። ወረቀቱ ግን አለ።

ወረቀቱ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ላስረዳሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ያ ጽሑፍ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ቃሉን ለማፍረስ ምስክር መጥራት አይፈቀድም፤ አንቀጽ 2005 እና 2006ን ተመልከቺ። ስለዚህ «እህቴም ጎረቤቴም ነገሩን ያውቃሉ» ማለት አያድንም። ሰውየው የሚያስፈልገው ወረቀቱን ፍርድ ቤት ማስገባት ብቻ ነው።

መውጫ የለውም አላልኩም። ውሉ በማስፈራራት የተገኘ ከሆነ ይፈርሳል። ሕጉ ይህችን ጨዋታ ስለሚያውቃት ነው መሰለኝ አንቀጽ 1709 ያስቀመጠው፦ «መብቴን እጠቀማለሁ» ብሎ ማስፈራራት እንኳ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከዋለ ውሉን ያፈርሳል። ጊዜውም አለ፣ ማስፈራራቱ ከቀረ በኋላ 2 ዓመት። ነገር ግን ቆም ብለሽ አስቢው። ተገደድኩ ስትይ ዳኛው የሚጠይቅሽ «በምን ተገደድሽ?» ብሎ ነው። መልሱን በግልጽ ችሎት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሰፈርሽ ሰው ተቀምጦ፣ ከራስሽ አፍ ታወጪዋለሽ። ያን ላለመናገር ነበር እኮ የፈረምሽው! ሰውየውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ሰዎች መከላከያ መልስ አይሰጡም፣ ችሎት አይቀርቡም፣ በሌሉበት ይፈረድባቸዋል፣ ከዚያ የፍርድ አፈጻጸም ይመጣና ንብረት ይቆጠራል። ደንበኛዬ የሄደበት መንገድ ይሄ ነው። እኔ ጋ የመጣው ቤቱ ለሐራጅ ሊወጣ ሲል ነበር።

ቀን ያለፈበት ወይም ገና የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክ «ለመያዣ» ከጠየቀሽም እምቢ በይ። ቼክ ሲሆን ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ይወጣል፤ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት ራሱ ወንጀል ነው፣ ያኔ ተከሳሿ አንቺ ነሽ።

ክፍያውም ራሱ ነገሩን አይዘጋም። አንዴ የቀመሰ ይመለሳል። መጀመሪያ ለዝምታው፣ ቀጥሎ ለአጎቱ ልጅ ዝምታ፣ ወንድምሽ ኤርፖርት የወረደ ቀን ደግሞ በዶላር።

አሁን የምጠይቅሽን በሐቀኝነት መልሺ። ፈርመሻል ወይስ ገና ነው? ስንት ብር፣ በማን ፊት? የእናትሽ ቤት ካርታ የት ነው ያለው? ካርታውን «ይቀመጥልኝ» ብሎ ወስዶት ከሆነ፣ ካርታ እጅ ላይ መያዝ ብቻ መያዣ አያደርገውም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በጽሑፍ ሆኖ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ግን ካርታ የያዘ ሰው የሚሠራው ሌላ ብዙ ነገር አለ። የእናትሽ ቤት በስምሽ አይደለምና እሳቸው ሳያውቁ ይህን አድርገሽ ከሆነ፣ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ካልፈረምሽ አትፈርሚ። «እባክህ ለማንም አትንገር» ብለሽ በጽሑፍ አትመልሺለት፣ ያንን ቃል እንደ ማረጋገጫ ይይዘዋል። የላከልሽን መልእክትና የድምፅ መልእክት አንዱንም አታጥፊ። በቴሌብር የላክሽለት ካለ የደረሰኙን አጭር መልእክት አስቀምጪ፣ በባንክ ከሆነ ስሊፑን። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ደብተር ላይ ጻፊ። በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ወይም ምስል እለጥፋለሁ ብሎ ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከበድ ካለ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ወንጀለኛው እሱ ነው። ሆኖም ብቻሽን ተነስተሽ ፖሊስ ጣቢያ አትሂጂ። አቤቱታው የሚጻፍበት መንገድ ወሳኝ ነው፤ አንድ ቃል ሳት ቢል ሰውየውን ለመክሰስ የሄድሽበት መዝገብ ወንድምሽን መጠየቂያ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ጣቢያ። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ እልሻለሁ።

የጉዞውን ነገር ውሳኔው የእነሱ ነው። እናት ታማ ልጅ አትምጣ አይባልም፤ እኔም አልለውም። እንደ ጠበቃ ግን ይህ የብድር ነገር ሳይጣራ ሁለቱ አብረው ባይመጡ እመርጣለሁ። ወንድምሽ ብቻውን ይምጣ፣ እናቱን ይይ፣ ባለቤቱ ሌላ ጊዜ። ካናዳ ሆነው ሳሉ ያ ሰው የሚይዘው ፎቶ ብቻ ነው። እዚህ ከወረዱ ግን ሰዎቹም በእጁ ናቸው። ለወንድምሽም ንገሪው። እስካሁን እሱን ላለማስጨነቅ ብለሽ ብቻሽን ተሸክመሽው ይመስለኛል፤ ትኬቱን የሚቆርጠው ግን ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ ሰው ነው።

ለእኔ በድጋሚ ስትጽፊ የሰውየውን ስም አትጻፊ፣ የወንድምሽንም። የወረቀቱን ፎቶ ከላክሽ ስሞቹን በጣትሽ ሸፍነሽ አንሺ። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት የእናትሽን ቁም ሣጥን ክፈቺና ካርታው ቦታው መኖሩን እዪ።