«ብረት አይከሰስም» ላሉኝ ጋሼ እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ የመኪና ግጭት ነው፣ ክረምቱ መሰለኝ። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

አንዷ እህት ቀይ መብራት ላይ ቆማ ከኋላ ተመታች፣ የመታት ሰውዬ ደግሞ «ፍሬን ድንገት ስለያዝሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው» ብሎ ፓራውልቷን እያየ ይጮህባታል። እውነቱን ነው ወይ ትላለች።

አይደለም፣ ርቀት መጠበቅ የሱ ስራ ነው፣ ትራፊክ ጥሪና የአደጋው ቦታ ፕላን ይነሳ፣ ከሱ ጋር ተከራክረሽ ጉሮሮሽን አትጨርሺ።

አንድ የአይሱዙ ባለንብረት ጋሼ ተቆጥተው ጽፈውልኛል። ባለፈው «ባለቤቱ ባይነዳም ይከፍላል» ማለቴ ህዝብ ማሳሳት ነው ይላሉ፣ 30 ዓመት መኪና ይዘዋል፣ ሹፌሩ ጥፋተኛ ካልተባለ ባለንብረት ምን አደረገ፣ ብረት አይከሰስም። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ሹፌራቸው ሰው ገጭቶ ሟች አለ፣ በወንጀሉ ነጻ ወጥቷል፣ አሁን ቤተሰቡ በፍትሐብሔር ካሳ ከሷቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ የነጻ መውጫውን ፍርድ አስይዘው ሰው ልልክና ፋይሉን ላዘጋው ነው ይላሉ።

ጋሼ በቁጣዎ አልተቀየምኩም፣ ግን ተሳስተዋል፣ ስህተቱ ደግሞ ውድ ነው።

የወንጀል ችሎቱ የጠየቀው ሹፌሩ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ወይ የሚለውን ነው፣ ዐቃቤ ህግ አላስረዳም፣ ልጁ ወደ ቤቱ ገባ፣ እሰየው። የካሳው ችሎት ግን ስለ ሹፌሩ ጥፋት ቅድሚያ የሚሰጠው የለም፣ መኪናው ጉዳት አድርሷል ወይ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው፣ ከዚህ ነው የሚነሳው። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ቁጥር 2081 ባለቤቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፣ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ቁጥር 2149ን ደግሞ ይዩት፣ በወንጀል ነጻ መባል የካሳውን ዳኛ አያስረውም። «ብረት አይከሰስም» ያሉት ልክ ነዎት፣ የተከሰሰው የብረቱ ባለቤት ነው።

ከሁሉ የምወደው 2086ን ነው። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ስንት ዓመት የሰማኋቸውን ሰበቦች አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የለቀማቸው ነው የሚመስለው፦ ጥፋት የለብኝም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር፣ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። አንዱም አያድንም ይላል። የሚያድነው፣ ያውም እንደ መጠኑ፣ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ሌላው 2081 ላይ ያለው ነው፣ መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆብኝ ነበር ብለው ካስረዱ። ረዳቱ ቁልፍ አንስቶ ሰፈር ዞሮበት ከሆነ ግን ዳኛው ሌብነት ብሎ ይቀበለኛል ብለው አይተማመኑ።

ይሄ ግፍ ይመስልዎታል፣ አውቃለሁ። ግን አይሱዙው ሲሰራ ገቢው ለማን ነው የሚገባው? ለእርስዎ። ታዲያ ያው መኪና የሰው አባት ሲወስድ ኪሳራውን የሟች ልጆች ብቻ ይቻሉት? ህጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፣ መንገዱ ገና ባዶ በነበረበት ዘመን፣ እና በዚህ ነገር ላይ ዛሬም የምከራከረው የለኝም።

አንድ ባለሲኖትራክ አስታውሳለሁ፣ የነጻ መውጫውን ፍርድ ላሚኔት አስደርጎ በፕላስቲክ ፋይል ይዞ ይመጣ ነበር፣ ኮሪደር ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል። ወረቀቱን ብቻ ተማምኖ የመልስ ማቅረቢያ ቀኑን አሳለፈው፣ ዳኛዋ መልስ የማቅረብ መብቱ ታልፏል ብላ መዘገበች፣ በመጨረሻ መኪናው ለካሳው ተሸጠ። ኢንሹራንስ ነበረው እኮ! ኢንሹራንሱ ወደ ክርክሩ ይግባልኝ የሚለው ቃል ነበር የጎደለው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ፋይል የሚያዘጋ ሰው አይላኩ። በዚህ ሳምንት ጠበቃ ይያዙ፣ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ልጅ ማለቴ አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ። መልስዎ ላይ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ወደ ክርክሩ ይግባልኝ ይበሉ፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ሆኖ በየዓመቱ የሚከፍሉት ለዚህ ቀን ነው፣ የሚሸፍነው ግን እስከተወሰነለት የገንዘብ ጣሪያ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ከኪስዎ ነው። ሟቹ ሳያይ ዘሎ ገብቶ ከነበረ ምስክርና የትራፊክ ፕላኑን ያቅርቡ፣ የክርክርዎ አቅም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቨርጂኒያ ያለች እህት ለወንድሟ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ገዝታለታለች፣ ሊብሬው በስሟ ነው፣ «እኔ መኪናውን በፎቶ ነው የማውቀው፣ ቢጋጭ ምን አገባኝ» ትላለች።

ለጋሼ የጻፍኩትን አንብቢና ስም አዙሪለት።

ባለቤቷ በመኪና አደጋ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት፣ ሽማግሌዎች ይዘዋት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል፣ ጎረቤቶቿ ለሀዘንሽ አንድ ሚሊየን ብር የሞራል ካሳ ጠይቂ እያሏት ነው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሞራል ካሳ በቁጥር 2116 መሰረት ከ1,000 ብር አይበልጥም፣ በትክክል አንብበሻል፣ አንድ ሺህ፣ በ1952 የተጻፈ ነው፣ ዛሬ ለለቅሶ ድንኳን እንኳ አያስከራይም። ዋናው ገንዘብ ሌላ ቦታ ነው፣ 2095 ላይ፣ ባልሽ በህይወት ቢኖር ለአንቺና ለልጆቹ ያወጣው የነበረው መተዳደሪያ። ደሞዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ደረሰኙን ሰብስቢ።

የሚያስፈራኝ ግን ቀኑ ነው። የካሳ ክስ ይርጋው፣ ማለትም ክሱ መከፈት ያለበት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ነው፣ ቁጥር 2143፣ አደጋው ከወንጀል ጋር ተያይዞ ረዘም ሊል የሚችልበት መንገድ አለ ግን እሱን ተስፋ አድርገሽ እንዳትተኚ። ሽማግሌዎቹን አክብሪ፣ ቡናም አፍዪላቸው፣ ክሱን ግን ክፈቺ፣ ፋይሉ ተከፍቶም መታረቅ ይቻላል። ለጠበቃ ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የህግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የህግ ድጋፍ ማእከል አላቸው፣ ነገ ጠዋት ሂጂ፣ ነገ ነው ያልኩሽ።

የጎረቤት ልጅ በኳስ ስፖኪዮዬን ሰበረው፣ በየትኛው አንቀጽ ልክሰስ?

አንቀጹስ አለ፣ 2124፣ አባት ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ ይጠየቃል። ግን መጀመሪያ ኳሱን መልስለት።