ወንፈሉን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው

ወደ ጎጃም የምንልከው ገንዘብ በብዙ ቤት ከልጆች ተደብቆ ይላካል። ባልና ሚስት በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ልጁ ግን ይሰማል። ጫማ ጠይቆ «ገንዘብ የለም» የተባለ ልጅ በማግስቱ ለአያቱ ብር እንደተላከ ሲያውቅ፣ በዓይኑ አይቷት የማያውቃትን አያቱን ይቀየማል።

ከሃያ ዓመት በላይ ውጭ ስኖር ይህን ስህተት ከበኩር ልጄ ጋር ሠርቻለሁ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። «እኔ በአንተ ዕድሜ በባዶ እግሬ ከብት እጠብቅ ነበር» እያልሁ ስቆጣው ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። አልፈርድበትም፤ የእኔን ችግር እርሱ አላመጣውም።

ልቡ የተከፈተው ስለ ወንፈል ስነግረው ነው። በእኛ አገር በአጨዳ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ጤፍ ያጭዳል። የተቀበልኸውን የሥራ ቀን በሥራ ቀን ትመልሳለህ። እኔ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስማር ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ ከአባታችን ጋር ያርስ ነበር፤ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክሞ የሚያመጣልኝም እርሱ ነው። «ለአጎትህ የምልከው ምጽዋት አይደለም፤ የእርሱን ቀን እየመለስሁ ነው» አልሁት። ልጄ ዝም ብሎ ቆየና «ስንት ቀን ይቀርሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ የወጪ ደብተሩን በልጆቹ ፊት እከፍታለሁ፦ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ምግብ፣ ወደ አገር ቤት የሚላከው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ሴት ልጄ «ዶላሩ ብዙ ብር የሚያመጣ ከሆነ ለምን አንቀንስም?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ለአጎቷ ደውላ የማዳበሪያውንና የዘይቱን ዋጋ እንድትጠይቅ አደረግሁ፤ አስልታ ስትጨርስ የሚቀነስ እንደሌለ የነገረችኝ እርሷ ናት። አሁን የመላኪያውን ቀን የምታስታውሰው እርሷ ናት። ጤፍ በሐምሌ ሲዘራ ማዳበሪያው አስቀድሞ መገዛት እንዳለበት፣ በመስከረም የሚደርስ ገንዘብ ለዘር እንደማይሆን ታውቃለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ኃላፊነት ስጧቸው እንጂ የእናንተን ጭንቀት አታሸክሟቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእናቱን የሕመም ውጤት ከሐኪም ሰምቶ መተርጎም የለበትም፤ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ። ስለ ዕዳም የሚነገረው አለ፣ የማይነገረው አለ፤ ልጅ ሊያግዝበት የማይችለውን ዕዳ እያሰበ ሊያድር አይገባም። ለዘመዶቻችሁም በአክብሮት ንገሩ፦ በስልክ ከልጁ ጋር ይጫወቱ፣ ይመርቁት፤ ገንዘብ ግን እናንተን ይጠይቁ። ገንዘብ የተጠየቀ ልጅ ሁለተኛ ስልኩን አያነሳም።

አገር ቤት ስትወስዷቸው ደግሞ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ብቻ አታክርሟቸው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን የሐምሌና የነሐሴ ወር እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ ገጠሩ ጭቃ ነው፣ ልጁም ከቤት አይወጣም። ከተቻላችሁ በፈረንጆች ገና ዕረፍት ሂዱ። ያ ወቅት የእኛ ታኅሣሥ ነው፤ እህሉ ተከምሯል፣ ውቂያው ተጀምሯል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ዘመድ ጠይቁ፤ ከደረሳችሁም ልጁን ከአጎቱ ጋር አውድማ ላይ አውሉት። ያረጀ ልብስ ያዙለት፤ የጤፍ ገለባ ሰውነት ያሳክካል።