የዝናብ ልብስ ጥያቄና መልስ፦ ለአደጋ ጊዜ ቦርሳችሁ የትኛው ይሁን?

ሰላም የወሎ ልጆች። ለዓመታት በላስታና በመቄት ተራሮች እንግዳ ስመራ ኖሬአለሁ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታም ተምሬአለሁ። ለአደጋ ጊዜ ቦርሳ የዝናብ ልብስ ስለመምረጥ ጠይቁኝ ብዬ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ከቤት እስከ ሱቅ የሚያደርስ ልብስና መንገድ ተዘግቶ ሜዳ ላይ ስታድሩ የሚያስፈልግ ልብስ ለየቅል ናቸው። እዚህ የምመልሰው ስለ ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ጋሼ፣ ሻጩ ሁሉ «ይሄ ጠብ አያስገባም» ይላል። እውነተኛውን በምን ልለየው?

አብሽር፣ ይለያል። መጀመሪያ ልብሱን ገልብጠህ ስፌቱን እይ። መርፌ በወጋበት ሁሉ ውሃ መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ ደህናው ልብስ ከውስጥ በኩል ስፌቱን ተከትሎ የተለጠፈ ቀጭን ቴፕ አለው። ትከሻውንና ቆቡ ከአንገት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በተለይ ፈትሽ። ቶሎ የሚያፈሱት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ጨርቁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርገህ ያዝና ከሃይላንድህ ትንሽ ውሃ ጨምርበት። ጥቂት ደቂቃ ታገስ። ከዚያ ከስር በጣትህ ጫን ጫን አድርገው። ጣትህ ከረጠበ ለሻጩ መልስለት። ሙከራውን አልፈቅድም ካለህ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ።

መለያው ላይ ቁጥር ካለ እሱንም አንብብ። 3,000 ሚሜ ወይም 5,000 ሚሜ የሚል ታያለህ። ጨርቁ ላይ ውሃ ወደ ላይ ቢቆም፣ ማሳለፍ ሳይጀምር ስንት ሚሊሜትር ከፍታ ይችላል ማለት ነው። 1,500 ለካፊያ ይበቃል። ለሐምሌና ለነሐሴ ዶፍ ግን 5,000 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። የቦርሳ ማንገቻ ትከሻህን ሲጫነው ወይም እርጥብ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ውሃው በግፊት ነው የሚገባው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ያ ስስ ላስቲክ ፖንቾ (እንደ ካባ በራስ የሚጠለቅ፣ እጅጌ የሌለው የዝናብ ልብስ) አይበቃም? ርካሽ ነው እኮ።

ለዋና ልብስነት አይበቃም። አንድ የአጋም እሾህ ከያዘው እስከ ታች ይተረተራል። ክብደቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ያዝ። ቦርሳ ይሸፍናል፣ እርጥብ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ምንም ሳይዝ ለወጣ መንገደኛም ይሰጣል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ፖንቾ ይሻላል ወይስ ጃኬትና ሱሪ?

እኔ ለቦርሳው ፖንቾ እመርጣለሁ። ከነቦርሳህ ይሸፍንሃል። ከስር ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፣ ላብም አያፍንህም። ይሄን ቀላል አድርገህ አትየው። ዳገት በፒቪሲ (አየር በማያስገባ ላስቲክ) ጃኬት የወጣ ሰው ዝናብ ባይነካውም በራሱ ላብ ርሶ ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ፖንቾ ቤት ይሆናል። አራቱም ማዕዘን ላይ የብረት ቀለበት ያለበት ቀዳዳ ያለውን ግዛ። በሲባጎ ዘርግተህ ስታስረው ሁለት ሰው ያስጠልላል። ቆቡን ጠበቅ አድርገህ ማሰር እንዳትረሳ፣ አለዚያ መሐል ላይ ቀዳዳ ያለው ጣሪያ ሠራህ ማለት ነው።

ድክመቱ ነፋስ ነው። የተራራ ጫፍ ላይ ይገለብጠዋል፣ ፊትህንም ይሸፍነዋል። ለዚህ ወገብህ ላይ በገመድ እሰረው። ጎኑ ላይ ጥብቅ ቁልፍ ያለውን ካገኘህ ደግሞ ተመራጭ ነው። እንደ አቡነ ዮሴፍ ያለ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ የሚወጣ ሰው ግን ጃኬትና ሱሪ ይልበስ፣ ፖንቾውን ለመጠለያ ይያዝ።

ጥያቄ (ሞተረኛ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ)፦ እኔስ ወንድሜ?

አንተ ፖንቾ አትልበስ። ጫፉ ከኋላ ጎማ ወይም ከሰንሰለት ጋር ከተያዘ ይጥልሃል። ሁለት ቁራጭ የሆነውን፣ ቁርጭምጭሚቱና እጅጌው የሚጠብቀውን ግዛ። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። መንገድህ ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት ጉም ሲወርድ ጥቁር የለበሰ ሞተረኛ ለከባድ መኪና ሹፌር አይታይም። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ይሄ ብቻውን ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ስትነሳ ሞቀኝ ብለህ ልብሱን ቤት አትተው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እናቴ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ትሄዳለች። ዘንድሮም አልቀርም ብላለች። ምን ልያዝላት?

ፈጣሪ በሰላም ያድርሳት እህቴ። መስከረም ሲጋመስ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። አምባው ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ፖንቾው ከጉልበቷ ትንሽ ወረድ ይበል። ከዚያ ከረዘመ ዳገቱ ላይ ትረግጠውና ትወድቃለች።

አብዝቼ የምፈራው ግን ከስር የምትለብሰውን ነው። ቀሚሱም ነጠላውም ጥጥ ነው። ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም። ውሃ ደግሞ የገላን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ሱፍ ቢረጥብም ጥቂት ሙቀት ያቆያል። የደጋ ሰው በርኖስ የሚደርበው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከውስጥ የሱፍ ሹራብ ትልበስ። ጋቢዋን፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ካልሲ በወፍራም ፌስታል ጠቅልይና አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ጋቢው በመንገድ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ስታርፍ ነው።

አብረዋት የሚሄዱትም ይሄን ይወቁ። ሰው በብርድ ሲጎዳ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ አልታዘዝ ይላል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዷል ማለት ነው። ከነፋስ ከልሏት፣ የራሰውን አውልቁላት፣ በደረቅ ጠቅልሏት። ነቅታ መዋጥ የምትችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጧት። አረቄ አትስጧት፣ እጅና እግሯንም አትሹ። መንቀጥቀጡ ቆሞ ዝም ካለች ደግሞ ተሻላት ብላችሁ እንዳትተዋት። የባሰው ያኔ ነው። በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ጥያቄ (ከወገል ጤና)፦ አባቶቻችን በገሳ ነው ክረምቱን ያለፉት። ከፖንቾ በምን ያንሳል?

በብዙ ነገር አያንስም። ሣሩ ወደ ታች ተደርድሮ ስለሚታሰር ውሃው ላዩን እየተንሸራተተ ይወርዳል። አየር ያስገባል፣ ላብ አይዝም። ከብት ለሚጠብቅ እረኛ አሁንም አሪፍ ልብስ ነው። ችግሩ አይታጠፍም፣ ቦርሳ ውስጥም አይገባም። እሳት አጠገብ ደግሞ አደገኛ ነው፤ በእርግጥ በዚህ ናይለንም አይሻልም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ያ ብር የሚመስለው ስስ የአደጋ ብርድ ልብስ ካለኝ ፖንቾ ለምን?

ሥራቸው ይለያያል። እሱ ከገላህ የሚወጣውን ሙቀት ወደ አንተ ይመልሳል። ዝናብና ነፋስ ሲመታው ግን ይቀደዳል። ፖንቾውን ከላይ፣ እሱን ከውስጥ አድርገህ ተጠቀም። ሁለቱንም ያዝ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ጎርፍ ቢመጣብን ፖንቾ ለብሰን ወንዝ መሻገር ይቻላል?

በፍጹም! ውሃው ፖንቾውን ይሞላውና ይዞህ ይሄዳል። የደፈረሰ ጎርፍ ጉልበትህ ጋ ባይደርስም ሊጥልህ ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ሆነህ እስኪጎድል ጠብቅ። የቆላ ወንዝ ላይ ፀሐይ እየወጣ ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የዘነበው ደጋ ላይ ነዋ። መብረቅ ካለ ደግሞ የትኛውም የዝናብ ልብስ አያድንም። ከብቸኛ ዛፍና ከተራራ ጫፍ ራቅ።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ ለልጆችስ?

በልካቸው ግዙ፣ ያድጉበታል ተብሎ ሰፊ አይገዛም። አንገት ላይ የሚታሰር ረጅም ገመድ ያለውን አትምረጡ። ሲሮጡ ከአጥር ጋር ተይዞ ያንቃቸዋል። ቢጠፉ የሚነፉት ፊሽካም ልብሳቸው ላይ አንጠልጥሉላቸው።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ የኔው የዝናብ ልብስ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ሲወጣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተገኘ። ምን ሆኖ ነው?

ውስጡ የተቀባው ፕላስቲክ ተበላሽቶ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይሟሟል፣ ይልጋል። ከዚያ በኋላ አይድንም። አዲሱን ስትገዛ ከዝናብ በኋላ ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ ላይ አትስቀለው። መኪና ውስጥም አትተው። በጠባቡ አጣጥፈህ ከማሰር ይልቅ ላላ አድርገህ ጠቅልለው። በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት፣ ጥርና ግንቦት ላይ አውጣና ያንኑ የውሃ ሙከራ ድገምበት።